ሰው ተወደደ

ጥይቷ የሰማችው ልስማ ብላ አይደለም። የምትተኛባትን ክፍል ከሱቁ ዕቃ ቤት የሚለያት አንድ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው፤ በዚያ ወገን ያለ ሰው ቢያዛጋ በዚህ ወገን ያለው አፉን ይከፍታል። በዚያን ዕለት ማለዳ አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች፣ ሦስት ሰዎች በለስላሳ መጠጥ ሳጥኖች ላይ ሲቀመጡ ሰማች። አንደኛው አጎቷ ነው፣ የሱቁ ባለቤት። ሁለተኛው ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ባለቤት፣ ሰፈሩ ባለመነጽሩ የሚለው፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ቃል የማይወጣው ሰውዬ። ሦስተኛዋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የምትሸጠው ሴት ናት፤ ትልቅ ትንሹ እመት ይላታል። እነዚህ ሦስት ሰዎች አንዱ ስኳር በሳንቲም ቢያረክስ ሌሎቹ ሁለቱ እንቅልፍ የሚያጡ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ ከአንገት በላይ ሰላምታ የሚሰጣጡ ናቸው። አንድ ላይ መቀመጣቸው ብቻውን ጉድ ነው። ጥይቷ በአንድ እግሯ እንደቆመች ቀረች።

«እንግዲህ ተስማማን» አለ ባለመነጽሩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ለሠራተኛ ከአራት ሺህ በላይ ማንም አይከፍልም። አንዱ የአንዱን ሠራተኛ አያባብልም።»

«ቃል ነው» አለች እመት። «ልጆቹ ለአምስት መቶ ልዩነት ከሱቅ ሱቅ እየዘለሉ ጨረሱን እኮ።»

«ያንተዋስ ልጅ?» ሲል ባለመነጽሩ ጠየቀ።

አጎቷ ሳቅ አለ። «የኔዋ የወንድሜ ልጅ ናት። እሷ ሂሳብ ውስጥ አትገባም።»

ከዚያ የሻይ ብርጭቆዎች ሲንኳኩ፣ የአጎቷ ሚስት ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ሲመጣና ሲሄድ፣ ሦስት መዳፎችም ተራ በተራ ሲጨባበጡ ሰማች። እንግዶቹ በጓሮ በር ወጡ። ጥይቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ያለቅሳል፣ ወይም ግድግዳውን ይደበድባል። እሷ ግን ልቧ የመታው እንደዚያ አልነበረም፤ ቁልፍ የጠፋበት ሳጥን ድንገት ከውስጥ ሲንኮሻኮሽ እንደሰማች ሴት ነው የሆነችው። ሱቅ ውስጥ ስታድግ አንድ ነገር ተምራለች፦ በርካሽ ዕቃ ላይ ማንም በማለዳ ተነስቶ፣ ጠላቱን አስቀምጦ፣ ሻይ አፍልቶ አይዋዋልም። ሦስት የማይዋደዱ ሰዎች ዋጋዋን ለመያዝ ከተጨባበጡ፣ እሷ ዋጋ አላት ማለት ነው።

ጥይቷ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞች ናቸው፤ ከፍጥነቷ የተነሳ። ሒሳብ ማሽኑ ጋ ስትቆም አንድ እጇ ዕቃውን ወደ ከረጢት ይከታል፣ ሌላው ማሽኑን ይነካል፣ አፏ የሦስተኛውን ሰው ልጅ ጉንፋን ይጠይቃል። እዚህ ሱቅ የመጣችው ለሁለት ወር ነበር። ሁለቱ ወር ስምንት ዓመት ሆነ። ሱቁ ግን ከእሷ በፊትም ታሪክ አለው፤ አጎቷ በተለይ ሰው በተቀመጠበት እንደ ጠፋ ገነት አድርጎ ያወራዋል። ሲከፈት አራት ሠራተኛ ነበረው። አንዱ ባንኮኒ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ይሸከማል፤ የአራቱ ደሞዝ ተደምሮ የቤቱን ኪራይ ግማሽ አይሞላም ነበር። ከዚያ ኑሮ ተወደደ፣ ሸካሚው ፋብሪካ ገባ፤ አልተተካም። መዛኙ ሲሄድ ሩዙም ስኳሩም በላስቲክ ታሽጎ መምጣት ጀምሮ ነበርና ሚዛኑ ራሱ ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ለበሰ። አውራጁ ሲሄድ ረጅሙ ባንኮኒ ተነቀለ፣ መደርደሪያው ለሕዝብ ተከፈተ፣ ደንበኛው ራሱ እያነሳ ይምጣ ተባለ። በመጨረሻ ሻጩም ተሰናበተና ማሽን ተገዛ፤ ማሽኑን የሚነካ ሰው እስኪገኝ ከወንድም ቤት አንዲት ልጅ መጣች። ሰው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት ረዘመ። ጎረቤቶቹ በአንድ ሰዓት ሲከፍቱ አጎቷ በአሥራ ሁለት ከፈተ፤ እነሱ በሁለት ሲዘጉ እሱ በአራት ዘጋ። «ምን ይደረግ፣ ሰው ተወደደ» ይላል፤ ወፍ ሲንጫጫ ከሚነሳበት ሰዓት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ይለዋል።

ለእሷ በወሩ መጨረሻ ሺህ አምስት መቶ ይሰጣታል፤ «የኪስሽ» እያለ። ደሞዝ የሚለው ቃል በሁለቱ መካከል ተነስቶ አያውቅም፤ ቢነሳ እንደ ስድብ ይሆን ነበር። ምግቡ አለ፣ አልጋው አለ፣ ሲያማት መድኃኒት የሚገዛላት እሱ ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ በአንድ በኩል የሳሙና ካርቶን እስከ ኮርኒስ ተደርድሯል፣ በሌላው በኩል የእሷ ልብስ ተሰቅሏል፣ ስለዚህ የትኛውንም ቀሚስ ብትለብስ የልብስ ሳሙና ትሸታለች። ደንበኞች ንጽሕናዋን ያደንቁላታል።

ሱቁ ሲከፈት እትዬ፣ የአጎቷ ሚስት፣ ዳቦውን ተረክባ፣ ወለሉን ጠርጋ፣ መደርደሪያውን ወልውላ ጨርሳለች። እትዬ ብዙ አታወራም፤ የምታወራው ጨርቋ ነው የሚባልላት ሴት ናት፤ ስትናደድ ጠርሙሶቹ ይበልጥ ያበራሉ። ጥይቷ ማሽኑ ጋ ቆመችና በዚያን ጠዋት ከራሷም ፈጠነች። እጇ እሳት ሆነ። ወረፋው ገና ሳይሠራ ይፈርሳል። አንድ አዛውንት «ዛሬ ሠርግሽ ነው እንዴ?» አሏት፤ «እግዜር ያውቃል አባባ» ብላ የወተታቸውን መልስ ሰጠቻቸው። አጎቷ ጥግ ላይ ቆሞ ጺሙን እያሻሸ ሲያያት፣ ከኮምፔንሳቶው ኋላ ማን እንደምትተኛ አንድም ጊዜ ትዝ እንዳላለው ገባት። ይህ ከንግግሩ ይልቅ አሳቃት።

ረፋዱ ላይ ዝርዝር አለቀ። ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ ትሄድላት ነበር፤ ዛሬ ግን ትልልቆቹን ብሮች ጨብጣ ራሷ ወጣችና ወደ ጥጉ ሱቅ ሄደች። እዚያ የሚሠራው ሸምበቆ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነፋስ ሲነካው እንኳ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ የሚመስል ሰው ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ባለመነጽሩ ወደ ውስጥ ገብቶ በስልክ ይጮኻል።

«ስንት ነው የሚከፍሉህ?» አለችው ሳንቲሙን እየተቀበለች።

ሸምበቆ ዙሪያውን ቃኘ። ደሞዝ በዚያ መንገድ ላይ እንደ ሴት ዕድሜ ነው፤ አይጠየቅም፣ የተጠየቀም እውነቱን አይናገርም። ግን ዓይኗ ውስጥ ያለውን አይቶ ይሁን ሌላ፣ እውነቱን ተናገረ። «ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ፣ ሰባት ሳይሰጡሽ አይቀሩም።»

«ሺህ አምስት መቶ።»

«ከአልጋ ጋር?»

«ከአልጋ ጋር።»

«አልጋው ወርቅ ነው?»

ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ በማለዳ የሰማችውን በሹክሹክታ ነገረችው። ሸምበቆ መወዛወዙን አቆመ። ባለመነጽሩ ለሚቀጥለው ወር አራት ሺህ አምስት መቶ ቃል ገብቶለት ነበር፤ ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ በዚያ ቃል ነው ቃል የገባው። «ያ አራት ተኩል የታለ ታዲያ?» አለ። «ዛሬ ጠዋት በሻይ ጠጡት» አለችው።

ከዚያ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። ዝርዝር ሞልቶ ተርፏታል፣ እግሯ ግን መሬት አልነካ ብሏል። የእመት ሠራተኛ ሳቂታ ናት፤ ሰው ሲወድቅም፣ ዋጋ ሲጨምርም፣ እመት ስትሰድባትም የምትስቅ ልጅ። ጥይቷ ወሬውን ስትነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየቻት። ሳቂታ ለእመት አምስት ዓመት ሠርታለች፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ታገኛለች፣ እናቷን ታስታምማለች። «እኛስ ባዳ ነን፤ ላንቺ ለሥጋቸው እንዴት አላዘኑም?» አለች። ይህን ብላ ነው የሳቀችው፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። አውቶቡስ መጣ፣ ሰው ተንጋጋ፣ ጥይቷም በሩጫ ተመለሰች።

ከምሳ በኋላ አጎቷ ኮቱን ለበሰ። «ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ደርሼ ልምጣ» አለ። ጅምላ አከፋፋዩ ጋ የሚሄደው በሹራብ ነበር፤ ይህን ማንም አላነሳም። እሱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ባለመነጽሩ ገባ። መደርደሪያዎቹን እንደ ባዕድ አገር እየቃኘ መጣና አንድ ክብሪት አነሳ። የራሱ ሱቅ በር ላይ ያው ክብሪት፣ ያው ስዕል፣ በደርዘን ተደርድሯል።

«ክብሪት አለቀብዎት?» አለችው ጥይቷ።

«የናንተ ይሻላል ብለውኝ ነው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ግራና ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ልጄ፣ እጅሽን ሳይ ያናድደኛል። እንደዚህ ያለ እጅ እዚህ ጥግ ውስጥ ሲባክን። እኔ ጋ ብትመጪ አምስት ሺህ እሰጥሻለሁ። አምስት ተኩል። ግን ካንቺና ከኔ አይለፍ፤ አጎትሽ ወዳጄ ነው።»

ጥይቷ የክብሪቱን መልስ ሰጠችው። «ላስብበት» አለች፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎችን ፊት አስመስላ። ባለመነጽሩ ወጥቶ ላቡ ሳይደርቅ እመት መጣች። እሷ ደግሞ ጨው ፈለገች። ሦስት ፓኬት ጨው አንስታ፣ አገላብጣ አይታ፣ ሁለቱን መለሰችና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «ዘመድ ጋር መሥራት ልብ ያደርቃል» አለች። «ባዳ ቢበድልሽ ለዘመድ ትነግሪያለሽ፤ ዘመድ ቢበድልሽ ለማን ትነግሪያለሽ? እኔ ስድስት እሰጥሻለሁ። በሳምንት ግማሽ ቀንም ታርፊያለሽ።»

ሴትየዋ ይህን ያለችው ለራሷ ጥቅም እንደሆነ ጥይቷ ታውቃለች፤ ቢሆንም እውነት ከማንም አፍ ይውጣ እውነት ነው። ስድስት ሺህ። በዚያ ገንዘብ ከሱቁ አጠገብ ካለው ፎቅ ጀርባ ካሉት ክፍሎች አንዷን መከራየት ትችላለች፤ መስኮት ያላት፣ በሯ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ትራሷ ሳሙና የማይሸት። እሁድ ረፋድ ላይ አልጋ ውስጥ መገላበጥ ምን እንደሚመስል አሰበች። በዚያች ቅጽበት ጃኬቷን ይዛ እመትን ብትከተላት የሚያግዳት አልነበረም። እመት ከወጣች በኋላ ከመደርደሪያው ወዲያ የእትዬ ጨርቅ ቆመ።

«ጨው አላት እኮ እሷ» አለች እትዬ። ሌላ ምንም ሳትጨምር ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሳቂታ መጣች፤ አልመጣችም፣ ተወረወረች ማለት ይሻላል። ከጓሮ በሩ አጠገብ ባዶ ጠርሙስ የሚደረደርበት ስፍራ አለ፤ እትዬ ማሽኑን ለጊዜው ያዘችላትና ጥይቷ ወጣች። ሸምበቆም ከኋላ ይመጣ ነበር፤ በእጁ ባዶ ጠርሙሶች ይዟል፣ ለምክንያት።

«ማን እንደመጣብኝ ገምቺ» አለች ሳቂታ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ባለመነጽሩ።»

«ጋሼሽ። ኮታቸውን ለብሰው። አንድ ሳሙና ገዙና፣ እመት ጀርባዋን እስክታዞር ጠብቀው፣ አምስት ሺህ አምስት መቶ እንስጥሽ አሉኝ። እኛ ጋ ሁሉም እንደ ቤተሰብ ነው አሉኝ።»

ጥይቷ ፊቷ ጋለ። በእሷ ክፍል እስከ ኮርኒስ የተደረደረ ሳሙና ያለው ሰው፣ ለእሷ የኪስ የሚሰጥ ሰው፣ ለባዳ ልጅ አምስት ተኩል። አንድ አፍታ ጠርሙስ አንስታ ግድግዳው ላይ ልትሰብር እጇ ሄደ። ከዚያ ሸምበቆ በዚያ ዝግተኛ አነጋገሩ፣ «እኔን ደግሞ እመት ጠርታኝ ነበር፤ በልጆቼ ስም ለምናኛለች» ሲል ሦስቱም ተያዩ። ማን እንደጀመረ አይታወቅም፣ ሳቁ ከጠርሙሶቹ መካከል ፈነዳ። ሳቂታ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። በማለዳ የተጨባበጡ ሦስት እጆች ገና ምሳቸው ሳይወርድ አንዱ የአንዱ ኪስ ውስጥ ገብተዋል። «ሌባ ከሌባ ቢሰርቅ ምን ይደንቅ» አለ ሸምበቆ እንባውን እየጠረገ። «እንግዲህ እንቀያየር። አንቺ ባለመነጽሩ ጋ፣ እኔ እመት ጋ፣ እሷ እዚህ። ሁላችንም እናተርፋለን።»

ጥይቷ ስታስብ ጥፍሯን ትነክሳለች። ነከሰች። «ለምን ዕቃችንን ተሸክመን እንዞራለን?» አለች። «አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ለመውሰድ የሚከፍለው ገንዘብ ካለው፣ በየቆምንበት ይክፈሉን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ። ስድስት ሺህ እንጠይቅ። እንቢ ካሉ ያኔ እንቀያየራለን። እንደምንቀያየርም ያውቃሉ፣ ራሳቸው ናቸው የጠሩን።»

ሸምበቆ ራሱን ነቀነቀ። ሳቂታ ግን ሳቋን አቁማ እጇን ያዘቻት። «እኛ እንቢ ብንባል የምናጣው አሠሪ ነው። አንቺ እራትሽንም፣ አልጋሽንም፣ አጎትሽንም ነው። ደግመሽ አስቢበት።»

«ስምንት ዓመት አስቤበታለሁ» አለች ጥይቷ። ይህን ስትል እውነት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ገና ከጠዋት ጀምሮ ነው ያሰበችው። ግን ስትናገረው ደስ አላት።

አጎቷ ሲመለስ ከጅምላ አከፋፋዩ ያመጣው አንድም ዕቃ አልነበረም፤ የኮቱ ኪስ ብቻ በአንድ ሳሙና ልክ አብጧል። ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እየተጎተተ ወደ አሥራ አንድ ሄደ። ያቺ ሰዓት ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ ገና ያልደረሰባት፣ ሱቁ የሚተነፍስባት ናት፤ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል። ጥይቷ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ንግግር ስታዘጋጅ ነበር፤ መግቢያ ነበረው፣ ምስጋና ነበረው፣ ስምንት ዓመቱን የሚያነሳ መሃል ነበረው። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ጥሏት ጠፋ።

«ጋሼ» አለች። «ደሞዝ እፈልጋለሁ።»

አጎቷ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ደሞዝ። ስድስት ሺህ።»

እትዬ ብስኩት እየደረደረች ነበር፤ አላቆመችም፣ አልፈጠነችም።

«ምን አጎደልኩብሽ ልጄ?» አለ አጎቷ፤ ድምፁ የተቆጣ አልነበረም፣ የተጎዳ ነበር፣ ያ ደግሞ ለእሷ የባሰ ነው። «በላሽ፣ ጠጣሽ፣ ታመምሽ አሳከምኩሽ። ከዘመድ ጋር ይበላል ይጠጣል እንጂ እንዲህ ይነጋገዳል? እኔ ራሴ ከዚህ ሱቅ ደሞዝ አለኝ? ኪራዩን አታውቂም? መብራቱን አታውቂም? ድሮ አራት ሰው የምቀጥርበትን ገንዘብ ዛሬ አንድ ሰው ይጠይቀኛል።»

«አንድ ሰው የአራቱን ሥራ ይሠራላ» አለች ጥይቷ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረው ተከትሎት መጣ። «ማሽኑን እኔ ያዝኩት፣ ሸክሙን እኔ ያዝኩት፣ ሽያጩንም እኔ ያዝኩት። አልከፋኝም ጋሼ። ቢከፋኝ ዛሬ በሄድኩ ነበር፤ ሁለት ሰው ጠርቶኛል። ባለመነጽሩም እመትም መጥተው ነበር።»

«ባለመነጽሩ?» አጎቷ ጫማውን ጣለው። «ጠዋት እዚህ ተቀምጦ፣ የኔን ሻይ ጠጥቶ? ቃል ተገባብተን?»

«እርስዎስ ሳሙና ሊገዙ እመት ሱቅ አልሄዱም?»

እዚህ ላይ የእትዬ እጅ ቆመ። አጎቷ ወደ ኮቱ ኪስ ተመለከተ፤ ሊሸሽገው ፈልጎ እጁን ጫነበት፣ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። እትዬ ዞራ አየችው። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት ያየችው ጥቂት ጊዜ ነው።

«ለእመት ሠራተኛ ስንት አልካት?» አለች።

«አይ፣ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ…»

«ስንት አልካት?»

«አምስት ተኩል።»

«ያ ገንዘብ ነበረን?»

አጎቷ ጺሙን አሻሸ። ነበረን ቢል አንዷ ትይዘዋለች፣ የለንም ቢል ሌላዋ። የዕድሜ ልክ ነጋዴ ነውና የተበላ ጨዋታ ሲያይ ያውቃል። «ከተፈለገ ይገኝ ነበር» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እንግዲያው ለባዳ ያሰቡትን ለኔ ይስጡኝ» አለች ጥይቷ። «ስድስቱን ትቻለሁ። አምስት ተኩል ይበቃኛል።»

አጎቷ ወለሉን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ቀስ ብሎም እሷን አየ፤ ከስምንት ዓመት በፊት በትንሽ ሻንጣ የመጣችውን ልጅ ሳይሆን ከፊቱ የቆመችውን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ይመስል ነበር። «አምስት ተኩል» አለ። «ከዚህ ወር ጀምሮ።» ከዚያ ነጋዴነቱ አልለቀው አለና ጨመረ፦ «እንግዲህ የአልጋሽን ኪራይ…»

«አልጋውን የማነጥፈው እኔ ነኝ» አለች እትዬ። «የኔን አልጋ አታከራይም።» ብስኩቱን አስቀመጠች፣ ጨርቋን አጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረች፣ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች። «የኔስ ስንት ነው?»

«ያንቺ ምን?»

«ደሞዜ።»

አጎቷ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ ዛሬ? አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም። ሱቁ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው እንጂ። የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«የኔ ከሆነ» አለች እትዬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ሦስታችንም እንደ ሰው ተቀምጠን እራት እንበላለን።»

አጎቷ ሳቀ፤ ማንም አብሮት ስላልሳቀ ተወው። የማታው ገበያስ አለ። ደንበኛውስ። አፉን ከፍቶ ሳለ ግን ከዓይኑ ጀርባ አንድ ነገር ሲሠራ ጥይቷ አየች። እሱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማታው ሰዓት ዋጋ አለው ብሎ አስቦ አያውቅም፤ የልጂቱ እግር ነፃ ነበር፣ የሚስቱ ወገብ ነፃ ነበር፣ መብራቱ ብቻ ነበር የሚያስከፍል። አሁን በዚያ ሰዓት የሚሸጠውን አሰበ፤ አንድ ሁለት ሻማ፣ ሲጋራ በፍሬ፣ ለልጅ ማስቲካ። ለዚያ ሁለት ሰው በደሞዝ ማቆም። ኪሳራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነው፣ በዓመታት የተከማቸ ኪሳራ ድንገት ሱቁ መሃል ቆሞ አየ።

የሥራ መውጫው ሕዝብ መጣ፣ ጥይቷ እንደ ልማዷ አስተናገደችው፤ እንደውም ከልማዷ በላይ። ወረፋው ገና ሳይመናመን የአጎቷ ስልክ ጮኸ። ከማዶ የባለመነጽሩ ጉሮሮ ሲጠረግ እስከ ማሽኑ ድረስ ተሰማ። «የኔው አምስት ሺህ አስፈርሞኝ ወጣ» ይል ነበር። «የእመትም ልጅ አምስት ተኩል ወስዳለች አሉ። ምን ዓይነት ቀን ነው? ያንተዋስ?»

«የኔዋ» አለ አጎቷ ሚስቱን አሻግሮ እያየ፣ «ሁለት ሆነችብኝ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ረጅሙን መንጠቆ አንስታ ተጠቅላዩን የብረት መዝጊያ ሳበችው። ዝጎ ነበርና መሃል ላይ ያዘ፤ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም። አጎቷ ትንሽ ቆሞ አየ። ከዚያ ተነሳ፣ እጁን ከእሷ እጅ በላይ አድርጎ መንጠቆውን ያዘ፣ አብረው ሳቡት። መዝጊያው መንገዱን ሁሉ ቀስቅሶ በጩኸት ወረደ።

ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ጥይቷ አስፋልቱ ላይ ቆማ ያንን ብርሃን በፊቷ ተቀበለችው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በመስታወት ውስጥ ሆና ያየችው ብርሃን ነው፣ ሙቀት እንዳለው አታውቅም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሳቂታ፣ ለአፍታ ከሱቅ አምልጣ፣ እጇን ከራሷ በላይ እያወዛወዘች ትዘላለች፤ ሸምበቆ አጠገቧ ቆሞ የልጁን ጫማ በላስቲክ አንጠልጥሏል፣ ሳይውል ሳያድር በዱቤ ገዝቶታል። ጥይቷ ልትሻገር ስትል አጠገባቸው ካለው ፎቅ የምትኖር ጎረቤት፣ ሱቁ ተዘግቶ አይታ፣ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ለሐዘን ተዘጋጅቷል። የእትዬን ሁለት እጆች ያዘች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አለች እትዬ። «ደክሞን ነው።»